ሰባት ሰው ተኩል

የምንኖረው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው አሳንሰር አለው፤ እኔ ግን የምወጣውም የምወርደውም በደረጃ ነው። ጎረቤቶቼ ለጤናዬ የማደርገው ይመስላቸዋል፤ አላረምኳቸውም። ከአንድ ወር በፊት የአሳንሰሩ በር ተከፍቶ ሳለ የስድስት ዓመት ልጄ አንገቷን አስግጋ ከቁልፎቹ በላይ የተለጠፈችውን ብረት አነበበች። ማንበብ ከጀመረች ወዲህ የሚያመልጣት ጽሑፍ የለም።

«ስምንት ሰው፣» አለች። ባዶውን አሳንሰር ጥግ ለጥግ አየችና፣ «እማዬ፣ የት አሉ?»

መልስ መስጠት ሲገባኝ እጇን ጎትቼ ወደ ደረጃው ወሰድኳት። በእሷ ዕድሜ ይኸው ጥያቄ ነበረኝ። ማንንም ስላልጠየቅኩ መልሱን ራሴ ሠራሁት። በዚያ መልስ የተነሳ ሰው ሞተ።

አባቴ ዛፍ ቆራጭ ነበር። ጫካ የሚመነጥር አይደለም፤ ከቤት ጣሪያ ወይም ከመብራት ሽቦ ጋር የተጣላ ዛፍ ሲኖር የሚጠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ ዝም ብሎ አይጣልም። ቅርንጫፉ በገመድ ይታሰራል፣ ገመዱ ከፍ ያለ ባላ ላይ ይጠመጠማል፣ ከታች የቆመ ሰው ጫፉን ይዞ ቀስ እያለ ያወርደዋል። ስለዚህ መጋዙ ከመነሳቱ በፊት ቅርንጫፉ ስንት እንደሚመዝን መታወቅ አለበት። ከተገመተው በላይ የከበደ ቅርንጫፍ ጣሪያም፣ አጥርም፣ ሰውም አይመርጥም።

አባቴ በኪሎ አይገምትም ነበር። በሰው ነበር የሚገምተው። ገመድ ሲገዛ ባለሱቁን የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይችላል?» ብሎ ነው። አንድ ሰው ማለት ስልሳ ኪሎ ነው፤ ስልሳ ኪሎ ማለት ደግሞ አጎቴ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከአባቴ ጋር የሚሠራው፣ ከታች ገመዱን የሚይዘው እሱ ነበር። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን ላይ ወጥቶ ልክ ስልሳ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ፣ ስለመዘነ ሰፈሩ ሁሉ «ስልሳ» ይለው ጀመር። እናቴ ሁለተኛ ሳህን ስትጨምርለት አባቴ፣

«ተይው እባክሽ፤ እሱ ከወፈረ ዛፉ ሁሉ ይቀልብኛል፣» ይላል።

«ታዲያ ሥራ ቀለለልህ ማለት አይደል?» ይላል አጎቴ አፉን እንደሞላ።

እነሱ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ የሳቁበት ግን አይገባኝም። ስልሳ የአጎቴ ስም ነው እንጂ ኪሎ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እኔ የማየው ይህን ነው። አባቴ ወደ ዛፉ ይጠጋል። በመጥረቢያው ጀርባ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ጆሮውን ግንዱ ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሰው በር ላይ እንደቆመ እንግዳ፣ ይጠብቃል። ከዚያ ቀና ይልና ወደ አጎቴ ዞሮ፣ «አራት ሰው፣» ይላል። ወይም፣ «ስድስት ሰው ተኩል።»

እንጨቱ ጤነኛ ይሁን የበሰበሰ በድምፁ ለመለየት እንደሚያንኳኳ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የገባኝ ሌላ ነው። አባቴ ይጠይቃል፤ ውስጥ ያሉት ይመልሱለታል፤ እሱ ደግሞ ቁጥራቸውን ለአጎቴ ይነግረዋል።

ተኩሎቹ ማን እንደሆኑም አውቅ ነበር። አጎቴ እኔን «ተኩሌ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። «አባትሽ አንድ፣ እናትሽ አንድ፣ አንቺ ተኩል፤ ቤታችሁ ሁለት ሰው ተኩል ነው፣» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ዛፍ ውስጥ ያሉት ተኩሎች ልጆች ናቸው። በየዛፉ ውስጥ እንደኔ ያሉ ልጆች፣ እጃቸውን ወደ ጎናቸው ሰብስበው፣ ቆመው ይታዩኝ ነበር።

ይህን የሚያረጋግጥልኝ ብዙ ነገር ነበር። ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቀይ ሙጫ ሲፈስ አጎቴ፣ «ደሙ ነው፤ አትንኪው፣» ብሎኛል። ለማድ ቤት የመጣ ፍልጥ ግድግዳው ስር ተደርድሮ ሲደርቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይነካው ጧ ይላል። እናቴ፣ «ሂጂ ሁለት እንጨት አምጪልኝ፣» ስትለኝ ከላይ ያለውን ሳይሆን ያልጮኸውን መርጬ ነበር የማመጣው። እሳቱ ሲነድ አጠገቡ አልቀመጥም። «ይቺ ልጅ ብርድም አይነካት፣» ትላለች እናቴ።

የእኛም ግቢ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበረበት። ግንዱ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ነው። አንዱ ቅርንጫፍ እኔ በምተኛበት ክፍል ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ሲያንሾካሹክ ይውላል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ፣ ልጅ እንዳይሰማ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ማለት ነው። አንድ ሰሞን ከባድ ነፋስ መጥቶ ሲሄድ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚነሳበት ቦታ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተገኘ። እናቴ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣች።

«የሰው ቤት ሲሆን ከወፍ ቀድመህ ትነሳለህ፣» አለችው አባቴን። «የራስህን ግን ልጅህ ራስ ላይ አንጠልጥለህ ትተኛለህ።»

«እሑድ እናወርደዋለን።»

«ስንቱ እሑድ አለፈ?»

«እቴ ተይው፣» አለ አጎቴ። «የልብስ ሰፊ ቁልፍ መቼም ተበጥሶ ነው የሚኖረው።»

«አንተ ዝም በል። ስትወድቁ የምታነሳችሁ እኔ ነኝ።»

ያ እሑድ መጣ። ጠዋት ላይ አባቴ መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፣ ቅርንጫፉን በመጥረቢያው ጀርባ ሦስቴ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ። ከወትሮው ይልቅ ቆየ።

«ምን ይላል?» አለ አጎቴ ከታች።

«ሙሉ ነው።»

ያልበሰበሰ፣ ውስጡ ያልተቦረቦረ ማለቱ ነበር። እኔ ግን ከመሰላሉ ስር ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሙሉ ነው አለ። ጢም ብለዋል።

«ስንት ይመስልሃል?»

«ወደ ስምንት ሳይጠጋ አይቀርም። እስቲ እንለካው።»

«ቢበልጥስ?»

«ገመዱ ከስምንት በላይ አይችልም። ከበለጠ መሃል ለመሃል ከፍለን ነው የምናወርደው።»

«እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።»

«ከስምንት ካነሰ ግን እንዳለ ቀስ አድርገን እናወርደዋለን። ጭራሽ ሳይጎዳ።»

መሃል ለመሃል። እስከዚያ ቀን ድረስ ተኩሎቹ ልጆች ናቸው ብዬ ነበር። ያን ቃል ስሰማ ሌላ ነገር መጣብኝ። ልጆች ባይሆኑስ? አባቴ በሌላ ቀን፣ በሌላ ግቢ፣ መሃል ለመሃል የከፈላቸው ቢሆኑስ? አጎቴ እኔን ተኩሌ የሚለኝ ምን ሊያደርገኝ አስቦ ነው?

አባቴ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ ቅርንጫፉን ወገቡ ላይ ዙሪያውን ጠመጠመው። ጫፉ የደረሰበት ቦታ ላይ ቋጠሮ አሰረና ሲባጎውን ከቅርንጫፉ አላቅቆ ይዞት ወረደ። አለካኩ እንዲህ ነው፤ ሲባጎው እስከ ቋጠሮው ድረስ አራት እጥፍ ይታጠፋል፣ አንዱ እጥፍ በሜትር ይለካል፣ ከራሱ ጋር ይባዛል፣ ከዚያ በቅርንጫፉ ርዝመት። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ነበር። ይህን ሳይሠራ ግን እናቴ ለምሳ ጠራችን። ሲባጎውን የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ጥሎት ገባ።

እኔ ቀድሜ በልቼ ወጣሁ።

ስለ ማባዛት የማውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ነገር ግን አይቻለሁ፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ሲባጎው አጭር ነው፣ ሰዉም ጥቂት ነው። ወፍራም ላይ ረጅም ነው፣ ሰዉም ብዙ ነው። ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከኩ። የአባቴ ቋጠሮ ጠጠር ያለ ነበር፤ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ሲባጎው እንጨት እንጨት ይል ነበር። አንድ ጋት ያህል ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ፣ ጫማዬን በማስርበት አስተሳሰር፣ መልሼ ቋጠርኩት። ከዚያ ወደ ግንዱ ሄጄ አፌን ቅርፊቱ ላይ አስጠግቼ፣

«አይዟችሁ፣ አይከፍሏችሁም፣» አልኳቸው።

አባቴ ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ ሁለተኛ ይለካል። «ሆድ ሲሞላ ዓይን ይስተካከላል፣» ይል ነበር። በሰው ግቢ ቢሆን ኖሮ ያን ቀንም መሰላሉን ይወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የራሱ ግቢ ነው፣ ደመናውም ከወዲያ በኩል እየጠቆረ ነው። ሲባጎውን አንስቶ አራት አጠፈው። በሜትር ለካ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሰባት ሰው ተኩል።»

አጎቴ ቀና ብሎ ቅርንጫፉን አየ። «እኔ እኮ ዘጠኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።»

አባቴም ቀና ብሎ አየ። ግንባሩ ተቋጠረ። «እኔም በዓይኔ ከበድ ብሎኝ ነበር።»

«የለካኸው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«በቃ ምሳዬ ነው። ዛሬ ሦስት ሳህን ስለበላሁ ቀለለልህ።»

አባቴ ሳቀ። መጋዙን ይዞ ወጣ።

እናቴ እኔን ይዛ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሆኜ አጎቴ ይታየኛል። ገመዱ ከላይ ባላው ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ወደ እሱ ወርዷል። እሱም ትርፉን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ አሰረው። አባቴ ከላይ፣ «ወገብህ ላይ አትሰር አላልኩህም?» ሲለው፣ «ሰባት ተኩል እኮ ነው፤ ምን አላት?» አለ። ወደ እኔም ዞሮ እጁን አውለበለበ። እኔ አላውለበለብኩም። ጆሮዬን አቅንቼ ነበር፤ እንደ ወትሮው የሚያንሾካሹኩ መስሎኝ። ከመጋዙ በስተቀር ምንም አይሰማም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

ቅርንጫፉ ቀስ ብሎ ነበር ከግንዱ መላቀቅ የጀመረው። መጀመሪያ ትንሽ ዘንበል አለ። ከዚያ መጋዙ ቆመ፣ ገመዱም አንድ ጊዜ ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ የሚያፏጭ ሰው ይመስል ነበር።

አጎቴ ወደ ላይ ሄደ።

አልጮኸም። እግሩ ከመሬት ተነሳ፤ ሰንደሎቹ በቆመበት፣ ጎን ለጎን፣ እንደተስተካከሉ ቀሩ። ቀጥ ብሎ፣ እጁን ገመዱ ላይ እንዳደረገ፣ ዓይኑን ገልጦ ወደ ላይ ወጣ። ፊቱ ላይ ፍርሃት አላየሁም፤ የተጠራ ሰው ፊት ነበር። ቅጠሉ ውስጥ ገባ። ቅጠሉም ከኋላው ተዘጋ። ከዚያ ጣሪያችን ተሰበረ፣ ልብስ ሰፊዋም በሁለት እጇ ዓይኔን ከደነችኝ። እጇ የስፌት መኪና ዘይት ይሸት ነበር።

ሲወድቅ አላየሁም። ገመዱ እንደላላ የወደቀው ከዛፉ ወዲያ በኩል፣ ሌላው ጎረቤታችን አናጢው ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ከፍታ ወድቆ በሕይወት የቆየው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ይህን የነገሩኝ አስር ዓመት ሲሞላኝ ነው። ያኔ ግን እኔ ሲወጣ ብቻ ያየሁ ልጅ ነበርኩ።

ልብስ ሰፊዋ ዘንድ አራት ቀን አሳደሩኝ። በአራተኛው ቀን ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣

«የኔ ልጅ፣ አጎትሽ እኮ ወደ ላይ ሄዷል፣» አለችኝ። «ከላይ ሆኖ ያይሻል።»

«አውቃለሁ እትዬ። ሲሄድ አይቼዋለሁ።»

እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አላነሳችብኝም።

ቤት ስመለስ ቅርንጫፉን አንስተውታል፤ ጣሪያው ላይ ሸራ ተወጥሯል። ዛፉ ግን እንደቆመ ነው፤ ማንም ሊነካው አልፈለገም። የተቆረጠበት ቦታ ላይ ቀይ ሙጫ ወርዶ ደርቋል። እንግዶች በየጥጉ ተቀምጠዋል። አባቴ የለም። እናቴ አቅፋኝ ስትለቀኝ አላየችኝም። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ሲቀራት ብቻዬን ወደ ግንዱ ሄድኩ።

ሒሳቡ ገብቶኝ ነበር። ሰባት ሰው ተኩል ወጡ፤ ዛፉም በምትኩ አንድ ሰው ወሰደ።

ድንጋይ አንስቼ ሦስቴ አንኳኳሁ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ቅርፊቱ ሙቅ ነበር።

«ጋሼ፣» አልኩት። «እኔ ነኝ፣ ተኩሌ። ሲባጎውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። እንዳይከፍሏቸው ብዬ ነው። አንተን እንደሚወስዱህ አላወቅኩም። ጠባብ ነው? ውረድ፤ ጫማህን አስቀምጬልሃለሁ።»

ከዚያ ከውስጥ፣ ከጥልቅ፣ ተመለሰልኝ። አንድ። ቆየና ሁለት። በጣም ቆይቶ ሦስት። ከሦስተኛው በኋላ ግንዱ ተነፈሰ። ረጅም፣ የተቆራረጠ ትንፋሽ ነበር። ድንጋዩን ጥዬ ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ አንድም ነገር በሰው ቆጥሮ አያውቅም። ሥራውንም ቆይቶ ተወው፤ የእንጨት መጋዘን ውስጥ ተቀጠረ። እኔም አላወራሁም። ዘጠነኛ ክፍል የክብ ስፋት የተማርን ቀን ግን ደብተሬ ጠርዝ ላይ ያን ቅርንጫፍ ሠራሁት። ሲባጎን አራት አጥፎ ማባዛት የእንጨት ነጋዴዎች ልማድ ነው፤ ለፍቅፋቂና ለብክነት ብለው አንድ አምስተኛውን የሚተዉበት። ለሚገዛ እንጨት ደህና ነው። ገመድ ላይ ለሚንጠለጠል እንጨት ግን የተተወው አንድ አምስተኛም ይመዝናል። በአባቴ ቋጠሮ ዘጠኝ ሰው ይሆን ነበር፤ በትክክለኛው ሒሳብ አስራ አንድ ተኩል። የአባቴም ዘዴ ጎደሎ ነበር ማለት ነው። በዚህ ልጽናና ሞከርኩ። ዳሩ ግን ዘጠኝ ቢል ኖሮ መሃል ለመሃል ይከፍሉት ነበር፤ ቢከፍሉት ኖሮ ገመዱ እያንዳንዱን ይችል ነበር። በየትኛውም መንገድ ብሠራው መልሱ የሚያልቀው እኔ ጣት ላይ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ባሰብኝ። ሕፃኑን ለሰው መስጠትም፣ ራሴ መያዝም ፈራሁ። ደረጃ ላይ ስቆም ይወድቃል፣ ስተኛ እተኛበታለሁ፣ ገላውን ሳጥብ ውሃው ይበዛል። እያንዳንዱን ነገር አንድ ጋት ያሳጠርኩት ይመስለኛል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ ነገርኩት። ሁሉንም። ሕፃኑን ከእጄ ተቀበለና ሰማኝ። ከዚያ፣ «ነገ እመለሳለሁ፣» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ውስጧ ሲባጎው ነበር። ደርቆ፣ ቡኒ ሆኖ፣ ሁለት ቋጠሮ ይዞ።

«ይቺ ያንቺ ናት፤ የልጅ ቋጠሮ፣» አለኝ። «ከምሳ ስወጣ አይቼ ሳቅሁ። መልሼ ወጥቼ ለካሁት። ይቺ ሁለተኛዋ የኔ ናት፤ ትክክለኛዋ ቦታ። ሰባት ተኩል ያልኩት ማባዛቱን ስቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። አንቺ የለሽበትም።»

እጄ ላይ ሁለቱ ቋጠሮዎች አንድ ጋት ተራርቀው ነበር። ሁለተኛ ሲወጣ እንዳላየሁት አስታወስኩ። ምናልባት ያኔ አጥሩ ማዶ ነበርኩ አልኩ። ሰው ሊያምን የፈለገውን ነገር ለማመን ብዙ አይጠየቅም። ያን ምሽት ልጄን ደረቴ ላይ አስተኝቼ እኔም ተኛሁ። ቆርቆሮዋን ጓዳ አስቀመጥኳት፤ ፍርሃቴ ሁሉ አልሄደም፣ ግን መኖር ቻልኩ።

አባቴ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

ልጄ ስለ ስምንቱ ሰዎች በጠየቀችኝ በሳምንቱ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ጥያቄው ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ቆርቆሮዋን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ከፍቻት ነበር። እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የልጄን ፀጉር ሠርታ ስታበቃ በጥብጣብ ታስረው ጀመር። እናቴ ስታስር ሁለቱን ጫፍ ታጠላልፍና አንዱን በአውራ ጣቷ ስር መልሳ ታሾልከዋለች፤ ጫፎቹ ወደ አንድ ጎን ተኝተው ይቀራሉ። እኔንም እንዲህ ነበር የምታስረኝ። የማንም ሰው ቋጠሮ እንዲህ አይተኛም።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲባጎ አየሁ። ሁለተኛው ቋጠሮ፣ የአባቴ የተባለው፣ ጫፎቹ ወደ አንድ ጎን ተኝተዋል።

ስንት ዓመት እንዳየሁት አሰብኩ።

«እማ፣ ይሄን ማን ነው የቋጠረው?»

ከፀጉሩ ቀና አላለችም። «አባትሽ ነግሮሽ የለ?»

«እሱማ የኔ ነው ብሎኛል።»

ጥብጣቡን አጠበቀችው። ልጄ፣ «አይ እማማ፣» አለች።

«ሂጂ፣ ለአያትሽ ውሃ አምጪላት፣» አልኳት። እናቴ ልጄ እስክትሄድ ጠበቀች።

«ከልብስ ሰፊዋ ቤት የተመለስሽ ዕለት አባትሽ እንግዳ ፊት መቀመጥ አቅቶት ከዛፉ ጀርባ ነበር፣» አለች እናቴ። «መሬት ተቀምጦ፣ ግንዱን ተደግፎ። አንቺ በወዲህ በኩል መጣሽ። ስታወሪ ሰማሽ። ስታንኳኪ ምን ያድርግ? መለሰልሽ። ለምን እንደመለሰ ራሱም አያውቀው። ዞረሽ ልታዪው ነው ብሎ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ መያዙ ግን አልሆነለትም።»

ግንዱ ሲተነፍስ ጆሮዬ ላይ ተሰማኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት የአጎቴ ትንፋሽ ነው ብዬ ይዤው የኖርኩት።

«ማታ እንግዳ ሲሄድ ነገረኝ። ሲባጎውን ከሳጥኑ አወጣው። የፊተኛው ቋጠሮ የነበረበት ቦታ ጠመም ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ ሊቋጥር ሞከረ። ሦስቴ ሞከረ፤ እጁ እምቢ አለው። ተቀበልኩትና እኔ ቋጠርኩት።»

«እማ። ወንድምሽ እኮ ነው።»

«ወንድሜ ነው።» ጉልበቷ ላይ የቀረውን የተበጠሰ ፀጉር እያነሳች ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ከወደቀ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። ተናድጄብሽም ነበር፤ አልዋሽሽም። አይሻለሁ፣ ያመኛል። ግን ስድስት ዓመትሽ ነው፤ ጫማውን ይዘሽ ነው የምትዞሪው። ብትረሳው እሰየው፣ ካልረሳችው ግን ይሄን እናሳያታለን ተባባልን። አስራ ስምንት ዓመት ጠበቅን። አንቺም ምንም ስለማትዪ፣ ረስታዋለች ብለን ደስ ብሎን ነበር።»

ልጄ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስ ጣቶቿን እያየች፣ መጣች። እናቴ ተቀበለቻትና ጠጣች። እኔ ቆርቆሮዋን ከደንኳት።

እናቴ ልትሄድ ስትነሳ እስከ ታች ልንሸኛት ወጣን። ጉልበቷ ደረጃ አይችልም። አሳንሰሩ ተከፈተ፤ እናቴ ገባች፣ ልጄ ተከትላት ገባች፣ እኔ ወደ ደረጃው ዞርኩ።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«እናንተ ውረዱ። ታች እንገናኝ።»

«እማዬ ነይ፤ ስምንት ሰው ነው የሚለው፣» አለች ልጄ። «እኛ ስንት ነን?»

እናቴ የራሷን ደረት በጣቷ ነካች። «አንድ።» ወደ እኔ ጠቆመች። «ሁለት።» እጇን ልጄ ራስ ላይ አሳረፈች። «ተኩል።»

ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

«ይችለናል፣» አለች። «ግቢ።»

ገባሁ። በሩ ተዘጋ። ከላይ፣ የሆነ ቦታ፣ ገመዱ አንድ ጊዜ ቀጭን ድምፅ አሰማና መውረድ ጀመርን።

«ተኩሉ ማን ነው?» አለች ልጄ።

«አንቺ ነሽ። ሃያ ኪሎ ነሽ፣ ተኩል እንኳ አትሞዪም፤ ለቁልምጫ ነው።» ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ፈጠነ። «እዚህ ላይ ሰው ማለት ክብደት ነው፣ የኔ ልጅ። ኪሎ ነው። ውስጥ የሚኖር ማንም የለም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

አመነችኝ። እንዲህ በቀላሉ አመነችኝ። ከዚያ ለመጫወት ያህል፣ በትንሿ ጣቷ አንጓ፣ የብረቱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ አንኳኳች። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ታች እስክንደርስ ድረስ ጆሮዬን ከግድግዳው አላነሳሁም።